ፈረሱ የማንን ገብስ ይበላል?

(አዲሷን ትንሽ መኪናና አሮጌዋን የስፖርት መኪና ስለ መምረጥ)



በመካከላችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ለሁለት ከፍሎናል። ሲሰሙት ቀላል፣ ምናልባትም ለዚህ ጽሑፍ የማይመጥን ይመስላል፤ ይኸውም «አንድ ወጣት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ አዲስ ትንሽ መኪና ቢገዛ ይሻለዋል ወይስ በዚያው ዋጋ ዕድሜ የጠገበች የስፖርት መኪና?» የሚል ነው። አንዳንዶቹ «ይህ የደላላና የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ አይደለም» አሉ። ሌሎቹ ግን «የሰው ጠባይ ከሚናገረው ይልቅ በሚገዛው ይገለጣል፤ ስለዚህ ጥያቄው የኅሊና ነው» ብለው ተከራከሩ። እኛም የሁለቱን ወገን ሐሳብ መዝነን ወደ ሁለተኛው ስላጋደልን፣ ምክንያታችንን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄው ማንን እንደሚመለከት መለየት ይገባል። በአገራችን ውስጥ ምርጫው ከቀድሞው እጅግ ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ፣ አዲስ በሆነችና የሞተሯ መጠን ከ1,300 ሲሲ በማይበልጥ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ ብቻ ሲጥል፣ መኪናዪቱ እያረጀችና ሞተሯ እየገዘፈ በሄደ መጠን ግን ታክሱን ከመግዣ ዋጋዋ በላይ እስኪሆን ድረስ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ኤሌክትሪክ ግን ከራሷ ወንዞች ታገኛለች። በዚህም ምክንያት ከባሕር ማዶ አሮጌ የስፖርት መኪና አስመጥቶ በአዲስ አበባ ጎዳና መንዳት የማይታሰብ ሆኗል።

እንግዲህ ጥያቄው በሙሉ መልኩ የሚገጥመው በውጭ አገር ሠርቶ የሚያድረውን ወንድማችንን ወይም እኅታችንን ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ በዋሽንግተን ኑሮውን የመሠረተ አንድ ወጣት በሐሳባችን እናቁም። በእጁ ያለው ገንዘብ አዲስ ትንሽ መኪና ይገዛል፤ ያው ገንዘብ ሃያ ዓመት የሞላትን፣ ስትወጣ ግን የዘመኗ እመቤት የነበረችን የስፖርት መኪናም ይገዛል። ሁለቱን ባንድነት መግዛት ግን አይችልም። እዚህ ያለነው ወጣቶች ይህ ምርጫ ባይገጥመንም፣ የእጅ ስልክ ስንገዛ፣ ልብስ ስናሰፋ፣ ሠርግ ስንደግስ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣብናል። ስለዚህ የወንድማችንን ነገር ስንመረምር የራሳችንንም እየመረመርን ነው።

የአዲሷ ትንሽ መኪና ጠበቆች የሚያቀርቡት ማስረጃ ጠንካራ ነው። የዚህች መኪና ወጪ አስቀድሞ ይታወቃል። ፋብሪካው ለተወሰኑ ዓመታት ዋስትና ስለሚሰጣት፣ ብትበላሽ ጠጋኙ ባለቤቱ ሳይሆን ሠሪዋ ነው። ነዳጅ ትቆጥባለች፤ መለዋወጫዋም እንደ ልብ ይገኛል። በእነዚያ አገሮች መኪና ያለ ኢንሹራንስ አይነዳምና፣ ኢንሹራንስ ሰጪው ኩባንያ ወጣት ነጂንና ፈጣን መኪናን ባንድነት ሲያይ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል። ከገንዘቡም በላይ የሕይወት ጉዳይ አለ። መኪና በመታጠፊያ ላይ ስትንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን እያስያዘ የሚያቃናት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በአሜሪካ ለትናንሽ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ግዴታ የሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራች የስፖርት መኪና ይህ መሣሪያ ላይኖራት ይችላል፤ እንዲያውም መንሸራተትን ከሁሉ አብልጣ የምትጋብዘው እሷ ናት።

የአሮጌዋ ጠበቆችም ባዶ እጃቸውን አልቆሙም። እነርሱ እንደሚሉት፣ አዲስ መኪና ከሱቅ በወጣችበት ቀን ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል፤ አሮጌዋ ግን የሚወርደው ወርዶላታል፤ በመልካም ከተያዘችም ዋጋዋ መልሶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ደግሞም አዲስ መኪና ለመሥራት ብረት ይቀልጣል፣ ማዕድን ይቆፈራል፣ ብዙ ኃይል ይባክናል፤ የተሠራችውን ጠግኖ መያዝ ግን የድኻ አገር ሰው ጥበብ ነው። የአዲስ አበባ መካኒኮች ከስልሳ ዓመት በፊት የተሠሩ ቮልስዋገኖችን እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ያቆዩት በዚህ ጥበብ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ውበት አለ ይላሉ። የስፖርት መኪና ሰዎች ከልባቸው ተጨንቀው የሠሯት ዕቃ ናት፤ መሪዋ ለእጅ፣ ማርሿ ለክንድ እንዲስማማ ሆኖ የተበጀ ነው። ሰው በእንጀራ ልክ ብቻ የተሰፋ ፍጥረት አይደለምና፣ አንድ የሚወደው ነገር ቢኖረው ምን ኃጢአት አለበት?

ይህን የመሰለ ክርክር በሒሳብ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ሒሳቡ የትኛዪቱ ብዙ እንደምታስወጣ ይነግረናል እንጂ፣ የወጣው ገንዘብ የተገባ መሆኑን አይነግረንም። ስለዚህ ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል። መለኪያውንም ሩቅ ሳንሄድ ከአባቶቻችን ዘንድ እናገኘዋለን ብለን እናምናለን።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ ባመጣት መኪና ነው። አባቶቻችን ግን ከዚያ በፊት ይህንኑ ጥያቄ በጋማ ከብት ያውቁት ነበር። የእነርሱ ትንሽ መኪና በቅሎ፣ የስፖርት መኪናቸው ደግሞ ፈረስ ነበር። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ የተወለደች ስለሆነች ዘር አትተካም፤ ዳገት ግን ትችላለች፣ ገደል ሥር ስትሄድ እግሯን መርጣ ታስቀምጣለች፣ ጥቂት በልታ ብዙ ትጓዛለች። መልካም ሰጋር በቅሎ በገበያ ከፈረስ የበለጠ ዋጋ ታወጣ እንደነበረም ይታወቃል። ስለዚህ አባቶቻችን የሚጠቅመውን ነገር ንቀው ነበር ማለት አይቻልም።

ሆኖም ስም የሚወጣው በፈረስ ነበር። ከመንዝ በበቀለው የሸዋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና» ተባሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ተባሉ። በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና ግን እስካሁን አልሰማንም። እንግዲህ አባቶቻችንም እንደ ዛሬው ወጣት የሚያምረውንና የሚሮጠውን ይወዱ ኖሯል። በዚህ ልንፈርድባቸው አንችልም። ይልቁንስ ሁለቱን እንዴት አስማምተው እንደያዙ ማየት ይበጃል።

መኳንንቱ ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በአሽከር ተስቦ ከጎን ወይም ከኋላ ይከተላል። ባለቤቱ ከበቅሎው ወርዶ ወደ ፈረሱ የሚሸጋገረው ጦር ሜዳ ሲደርስ ነው። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው የቅደም ተከተል ትምህርት ነው፤ በቅሎ ሳይኖረው ፈረስ ብቻ ያለው ሰው ወይ ፈረሱን በየዕለቱ ዳገት ያደክመዋል፣ ወይ ራሱ በእግሩ ይሄዳል። ሁለተኛው የግዴታ ትምህርት ነው። በፈረስ የተቀመጠ ሰው ከሌላው ቀድሞ ይታያል፤ ቀድሞ የሚታይም ቀድሞ ይመታል። ፈረሱ ያማረው ባለቤቱ በላዩ ሆኖ ለመሞት ስለተዘጋጀ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። ዕቃ ሰውን ወደ ግዴታው ቦታ ሊያደርሰው ይችላል፤ ግዴታውን ግን አይፈጽምለትም።

ነገር ግን ያለፈውን ዘመን ስናነሣ አሳምረን ብቻ ማቅረብ አይገባም። ያ የተሸለመ ፈረስ ይበላ የነበረው ገብስ ከየት ነበር የሚመጣው? በብዙ ቦታ ከገባሩ ጎተራ ነበር። ብርድ ባጠወለገው ማሳ ላይ የደከመው አራሽ፣ ልጆቹ ቆሎ ሲጠይቁት የጌታውን ፈረስ ያጠግብ ነበር። የፈረሱ ስም በፉከራ ሲጠራ የገባሩ ስም አይጠራም። እንግዲህ አንድ ነገር ያማረ መሆኑ፣ ባለቤቱም ጀግና መሆኑ፣ ገብሱ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ አያድነውም። እኛ የምንፈልገው መለኪያ ይህ ነው። ስለ መኪናም፣ ስለ ልብስም፣ ስለ ሠርግም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፦ ፈረሱ የማንን ገብስ ይበላል?

ወደዚህ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፣ የስፖርት መኪና ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው በእርግጥ ምን እንደሆነ እንወቅ። «ፍጥነት ነው» ይባላል። እንግዲያውስ መኪናዪቱን በሐሳባችን ወደ መንዝ እናምጣትና እንፈትናት። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተር ደግሞ ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ ተጨማሪ አየር የሚገፋለት ቱርቦ ከሌለው ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ የ200 ፈረስ ጉልበት የነበራት መኪና እዚህ የ150 ያህል ትሆናለች ማለት ነው። በጣም አሮጌ ሆና ካርቡራተር ያላት እንደሆነ፣ አየሩ ቢሳሳም ቤንዚኑን እንደ ቆላው ትለቃለችና ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ትንሿ የቤንዚን መኪናም በዚሁ መጠን እንደምትደክም አንክድም፤ ከዚህ ሕግ የምታመልጠው አየር የማትተነፍሰው የባትሪ መኪና ብቻ ናት። ልዩነቱ ግን ትንሿ ፍጥነትን ቃል ስላልገባች የምታፈርሰው ቃል የላትም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አለ። የስፖርት መኪና ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ በፒስታ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ድንጋይ ያስቆማታል። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ተወርዶ ወደ ዓለም ከተማ በሚወጣው የመርሐ ቤቴ መንገድ ላይም ሆነ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ፣ የሁሉንም መኪና ፍጥነት የሚወስነው ሞተር ሳይሆን መታጠፊያው ነው። በዚያ ቁልቁለት የሚመሰገነው ነጂ በትንሽ ማርሽ ወርዶ ፍሬኑን ከመጋል ያዳነ እንጂ የሮጠ አይደለም።

«ይህ የእናንተ አገር ገደል ነው፤ በዋሽንግተን ግን ጎዳናው የተስተካከለ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚያ ደግሞ ሕግ አለ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር መሮጥ የምትችል መኪና በዋሽንግተን አካባቢ ባሉት ትላልቅ ጎዳናዎች ከዚያ እኩሌታውን እንኳ እንድትሮጥ አይፈቀድላትም። ጧት ወደ ሥራ ስትሄድም ከትንሿ መኪና ኋላ ተሰልፋ ትቆማለች። እንግዲህ በመንዝ መንገዱ፣ በዋሽንግተን ሕጉ ፍጥነቱን ወስዶባታል። የሚቀረው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ለባለቤቱ በእጁና በጆሮው የሚሰማው ደስታ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው ሲያያት ባለቤቱ የሚያገኘው መደነቅ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር ስለሆነ አንንቀውም። ሁለተኛው ግን ባለቤቱ በሰው ዓይን ላይ የተጣለ ዕዳ ነው፤ ሰው ማየት ሲተው ያልቃል።

አሁን ወደ ገብሱ እንመለስ። የመንዝ ልጅ ብቻውን አያድግም። አባቱ በጉን እየነዳ ገበያ ወርዷል፤ ምናልባትም አንዱን በሬ ሸጦ ያለ ጥማድ ቀርቷል። ታላቅ እኅቱ ውኃ ስትቀዳና ኩበት ስትለቅም ትምህርቷን አቋርጣለች፤ እሱ ደብተር የያዘው እሷ እንስራ ስለተሸከመች ነው። አጎቱ የከተማ ቤት ኪራይ ከፍሎለታል። ጎረቤት ለመንገዱ ስንቅ አዋጥቷል። ማንም ከእነዚህ መካከል በወረቀት አላስፈረመውም፤ ፍርድ ቤትም አይጠይቀውም። ነገር ግን ያልተፈረመ ብድር ከተፈረመው ይከብዳል፤ ምክንያቱም አበዳሪው አይጠይቅም። እናት ስልክ ደውላ «እንዴት ነህ ልጄ፣ እኛ ደኅና ነን» ትላለች እንጂ ጣራው ማፍሰሱን አትናገርም። አባት ጉልበቱን ቢያመውም «ዕድሜ ነው» ይላል። ዝምታቸውን እንደ ነጻነት የቆጠረ ሰው ራሱን ያታልላል።

እንበልና አሮጌዋ የስፖርት መኪና በነዳጅ፣ በኢንሹራንስና በጥገና ከትንሿ ይልቅ በወር 150 ዶላር ብታስወጣው፣ በዓመት 1,800 ዶላር ይሆናል። ይህ ቁጥር ለምሳሌ የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስላ። ጥያቄው ግን ይህ ገንዘብ ባይወጣ ኖሮ የት ይሄድ ነበር? የሚል ነው። መልሱ «በባንክ ይቀመጥ ነበር» ከሆነ አንድ ነገር ነው። መልሱ «እኅቴ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ትጨርስበት ነበር»፣ ወይም «በቃሬዛ ተይዛ ሰዓታት የምትጓዘው የአጎቴ ሚስት በጊዜ ሐኪም ቤት ትደርስበት ነበር» ከሆነ ግን፣ መኪናዪቱ የምትጠጣው ቤንዚን ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ባለ መኪናው ራሱ ሳያውቀው የጥንቱ ጌታ ሆኗል፤ ገባሩም የገዛ እኅቱ ናት።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ በብርቱ የተናገረውን ተቃውሞ ሳናነሣ አናልፍም። «የድኻ ልጅ ሁልጊዜ ጠቃሚ እንዲሆን ብቻ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? የሀብታም ልጅ የሚያምረውን ሲገዛ ማንም ገብሱን አይቆጥርበትም። የእኛ ልጅ ግን አንድ ነገር በወደደ ጊዜ ሁሉ የመንደሩ ችግር ይደረደርበታል። ይህስ ሌላ ዓይነት ቀንበር አይደለምን?» አለ። ይህ ቃል ከልብ የወጣ ስለሆነ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። በእርግጥም ከአንድ ሠራተኛ ልጅ ላይ ሃያ ሰው ተንጠልጥሎ፣ እሱ ታክቶት ወድቆ የቀረበት ቤት አለ። ሰው ለሌላው ብቻ የሚታለብ ላም አይደለም። ደግሞም የሀብታሙን ልጅ ገብሱን የማይቆጥርበት ሰው መኖሩ ገብሱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ እሱም ሊጠየቅ ይገባዋል። የመንዝ ሰው ራሱ በዚያ ብርድና ድህነት ውስጥ ሆኖ ውበትን አልተወም፤ የበጉን ጠጕር ፈትሎ በርኖሱን አሳምሯል፣ የፈረሱን ኮርቻ አስጊጧል፣ በጥምቀት ጉግስ ተጫውቷል። ስለዚህ «ውበት ለድኻ አይገባም» የሚለውን እኛም አንቀበልም።

ነገር ግን መውደድን መግደልና መውደድን ጊዜ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት ከመንዝ ሕዝብ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለንም። ጓሳ የተባለው ደጋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ምድር ላይ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር ያበቅላል። ይህን ሣር ሁሉም ይፈልገዋል፤ ነገር ግን ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በነበረው የቀሮ ሥርዓት መሠረት ቦታው ለዓመታት ይከለከል ነበር። ሣሩ ሲደርስ፣ ቀኑ ተወስኖ፣ ሁሉም ባንድነት ገብቶ ያጭዳል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢናጋም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዘመናችን የቆዩት በዚህ ነው። አባቶቻችን ሣሩን ስለጠሉት አልከለከሉትም፤ ስለወደዱት ነው። ባይከለክሉት ኖሮ በአንድ ክረምት አልቆ ለልጅ ልጅ አይደርስም ነበር። እንግዲህ ለወንድማችን «የምትወዳትን መኪና ጥላት» አንለውም፤ «ቀሮ አድርግላት፤ ጊዜዋ ሲደርስ ትከፈታለች» እንለዋለን።

በሌላ ወገን ደግሞ ትንሿን መኪና የገዛ ሁሉ ጻድቅ አይምሰለው። አዲስነትም የራሱ ትዕቢት አለው። አንዳንዱ ትንሿን አዲስ መኪና የሚገዛው ስለምትበቃው ሳይሆን «አዲስ ገዛ» እንዲባል ነው፤ ያውም በስድስት ዓመት ብድር ይሆናል። በብድር የተገዛች አዲስ መኪና ገና ያልተዘራ ገብስ የምትበላ ፈረስ ናት። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች እንደተባለው፣ በትንሿ መኪናው ላይ የእሽቅድምድም መኪና ምልክት የሚለጥፍም አለ። የሌላ ዝና ከመዋስ የራስን ጥቅም ማወቅ ይበልጣል።

ትንሽነት ውርደት አለመሆኑን የዓለም ታሪክም ይመሰክራል። ከ1956ቱ የስዊዝ ካናል ችግር በኋላ በእንግሊዝ አገር ነዳጅ ስለጠፋ፣ ኢሲጎኒስ የተባለው መሐንዲስ አራት ሰው የምትይዝ እጅግ ትንሽ መኪና እንዲያወጣ ታዘዘ፤ ሚኒ የተባለችውም መኪና በ1959 ወጣች። ያቺው ለቁጠባ የተሠራች መኪና፣ ሞተሯ ተጠናክሮላት፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ትላልቆቹን ቀድማ አሸነፈች (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእኛም አገር ትንሽ መኪና ሌላ ነገር አስተምራለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ብዙ የክብር መኪናዎች ከነበሩበት ቤተ መንግሥት የወጡት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። ስለ ዘመናቸው የሚፈርደው ሁሉ እንደየአመለካከቱ ይፍረድ፤ አንድ ነገር ግን ሁሉም ያየዋል። ክብር በመኪናው ውስጥ ቢሆን ኖሮ በቤተ መንግሥቱ ጋራዥ ተቆልፎ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ ለወንድማችንም ለራሳችንም ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን።

1ኛ. ገብሱን የሚከፍለው ማን ነው? ከፋዩ እኔ ብቻ ነኝን ወይስ ስሙ የማይጠራ፣ የማይጠይቅም ሌላ ሰው አለ?

2ኛ. በቅሎው አለን? ማለትም የዕለት ሥራዬ፣ የዕለት ግዴታዬ የሚጓዝበት ነገር ተሟልቷል ወይስ ለክብር ቀን የተዘጋጀውን በየዕለቱ ዳገት ላደክመው ነው?

3ኛ. ክብሩ ግዴታ አለበትን? ሰዎች ሲያዩኝ የሚያዩት ቀድሞ ለመድረስ የተዘጋጀን ሰው ነው ወይስ ለመታየት ብቻ የተዘጋጀን?

በእነዚህ ጥያቄዎች ስንመዝነው፣ አንድ መኪና ብቻ መግዛት የሚችልና ቤተሰቡ ገና በእሱ ላይ የቆመ ወጣት አዲሷን ትንሽ መኪና ቢመርጥ መልካም አደረገ እንላለን። የመረጠውም ርካሽ ስለሆነች ብቻ አይሁን፤ የተረፈው ገንዘብ ወደ ተገቢው ሰው ካልሄደ ምርጫው ግማሽ ነው። የታጠፈችን እኅት ትምህርት ያላቃና፣ የሚያፈስን ጣራ ያልከደነ ቁጠባ ስስት ይባላል እንጂ ጥበብ አይባልም። ዕዳውን የከፈለ፣ ቤቱን ያቀና፣ የራሱን ገብስ በራሱ ማሳ ያበቀለ ሰው ግን አንድ ቀን ያቺን ያረጀች ውብ መኪና ገዝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጁን በግራሶ እያጨማለቀ ቢጠግናት፣ ማንም በቅናት «አባካኝ» ሊለው አይገባም። እሱ ፈረሱን ከበቅሎው በኋላ አስከትሏልና።

ምርጫው በዚህ ቅደም ተከተል ሲሄድ ሁለቱም መኪናዎች ንጹሓን ናቸው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን ትንሿም ትልቋም፣ አዲሷም አሮጌዋም፣ የሰው ገብስ ይበላሉ። አንባብያን ሆይ፤ እያንዳንዳችን ዛሬ በእጃችን ያለውን ነገር ይዘን ይህንኑ ጥያቄ እንጠይቅ፤ መልሱ ቢያሳፍረንም ቢያኮራንም፣ አስቀድመን ስልክ አንሥተን አገር ቤት ያሉትን እንጠይቃቸው። «ደኅና ነን» ባሉን ጊዜም ጣራውን ደግመን እንጠይቅ።